ፋታ እስክታገኚ አትጠብቂ፦ በቤትና በሥራ ጣጣ መሀል በእምነት ማደግ

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «ትንሽ ፋታ ሳገኝ በደንብ እጸልያለሁ» ማለት ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ። መጀመሪያ ልጄ ጡት እስክትተው አልኩ። ከዚያ ቤት እስክንቀይር አልኩ። ከዚያ ሁለተኛው ተወለደ፣ መሥሪያ ቤት ሥራ ተደረበብኝ፣ ኪራይ ጨመረ፣ እናቴ ታመመች፤ ፋታ የሚባለው ነገር ግን አልመጣም። በኋላ ሲገባኝ፣ እግዚአብሔርን ከጣጣዬ ማዶ ቆሞ የሚጠብቀኝ አድርጌ ነበር የማስበው፤ ሥራዬን ሁሉ ጨርሼ፣ ታጥቤና ነጠላዬን ለብሼ የምሄድበት። እሱ ግን እዚያው ጣጣው ውስጥ፣ ከምጣዱ አጠገብ፣ ታክሲ ሰልፉ ላይ አብሮኝ ነበር።

የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ጠዋት ልጆች አድርሼ ፒያሳ ሥራ እገባለሁ፣ ማታ ከወጥና ከልጆች ደብተር ጋር እታገላለሁ። ሰባኪ አይደለሁም። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስለዚህ የማነሣልሽ ነገር ሁሉ ካደግሁበት ቤት ነው፤ የወንጌላውያን አማኝ ከሆንሽም አንብቢው፣ የኑሮው ትግል እንደሆነ አንድ ነው። እኔን የረዳኝን በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ።

ጸሎቱን ከምትሠሪው ሥራ ጋር እሰሪው

ብዙዎቻችን ስንጀምር በትልቁ ነው የምንጀምረው። «ከነገ ጀምሮ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሣሁ ዳዊት እደግማለሁ» እንላለን። ሁለት ቀን ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ልጁን ያተኩሰዋል፣ ታቅፈሽው ታድሪያለሽ። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ይጥልሻል። በአምስተኛው ቀን ታፍሪያለሽ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይሸሻል። አንድ ሌሊት ስላመለጠሽ ብዙ አልተጎዳሽም። የሚጎዳሽ ከዚያ በኋላ የመጣው ሽሽት ነው።

ስለዚህ ትንሽ ጀምሪ፣ በጣም ትንሽ። በየቀኑ ሳታስቢው የምታደርጊውን አንድ ነገር ምረጪና ጸሎቱን እዚያ ላይ እሰሪው። በር ስትቆልፊ። ጀበና ስትጥጂ። የልጅሽን ፀጉር ስትሠሪ። እኔ የጀመርኩት በር ስቆልፍ ነው፤ ቁልፉን ሳዞር አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ ሌላ ምንም። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ያልቃል። ለሦስት ሳምንት ያህል ከዚያ በላይ አልጨመርኩም፤ አንቺም ያነሰ መስሎሽ ቶሎ አትጨምሪበት። አንድ ቀን ተቻኩዬ ሳልጸልይ ወጣሁና ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሆነ ነገር እንደረሳሁ ተሰማኝ። ቦርሳዬን ፈተሽኩ፣ ስልኬ አለ፣ ቁልፌ አለ፣ የልጄ ምሳ ዕቃ ደርሷል። የረሳሁት ጸሎቱን ነበር። ሥር መያዙን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሁለተኛውን ጨምሪ። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ውስጥ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ስማቸው ለገዳም ሰዎች ብቻ የተሰጠ ይመስላል፤ ግን ከእኛ የሥራ ቀን ጋር በቀላሉ ይገጥማሉ፣ የእኛ ሰዓት እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ ከንጋት የሚቆጠር ነውና። ሦስት ሰዓት፣ መሥሪያ ቤት ሻይ የሚጠጣበት፣ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት፣ ምሳ ዕቃሽን የምትከፍቺበት፣ ጌታ የተሰቀለበት ነው። ዘጠኝ ሰዓት፣ ያ ሰውነት የሚዝልበት፣ ሰው ሁሉ መውጫውን የሚቆጥርበት፣ ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ነው። ሰባቱንም ያዢ አልልሽም። አንዷን ብቻ ምረጪ። ሰዓቱ ሲደርስ ወንበርሽ ላይ እንደተቀመጥሽ በልብሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብትዪ ማን ይከለክልሻል?

ስለ ሰልፍም ልንገርሽ። አንድ ጠዋት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ውስጤ ይቃጠላል፤ ረፍዶብኛል፣ ሰልፉ ደግሞ ጫፉ አይታይም። ከፊቴ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቆመዋል። መዳፍ የምታህል ዳዊት ይዘዋል። የቆዳ ማኅደሩ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ የገጾቹ ጥግ አውራ ጣት እየነካው ቡናማ ሆኗል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ዓይናቸውን ከመስመሩ ሳይነቅሉ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ክሩን ገጹ ላይ አደረጉ፣ መጽሐፉን ሳሙት፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። «እማማ፣ ዛሬስ ሰልፉ አሰለቸን አይደል?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ዛሬማ አጠረብኝ፤ አንድ ንጉሥ ሳልጨርስ ደረሰ» አሉኝ።

ንጉሥ የሚባለው ዐሥር መዝሙር ነው፤ 150ው የዳዊት መዝሙር በ15 ንጉሥ ይከፈላል። እሳቸው የቆሙበትም እኔ የቆምኩበትም አንድ ሰልፍ ነበር። በዚያው ሳምንት ትንሽ ዳዊት ገዛሁ። ንጉሥ ልጨርስ አልልም፣ በአንድ ሰልፍ አንድ መዝሙር፣ ቢበዛ ሁለት። አንዳንዴ ከመጽሐፉ ቀና ብዬ በስተሰሜን እንጦጦን ሳይ 120ኛው መዝሙር «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» የሚለው ትዝ ይለኛል። መልሱንም እዚያው ነው የሚሰጠው፤ ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።

ያለውን እንዳለ ንገሪው

ሰዓቱ ተገኘ እንበል። ምን ትይዋለሽ? እዚህ ላይ ብዙ እህቶች ሲቸገሩ አያለሁ። ጸሎት ሲባል ጥሩ ጥሩ ቃል ፍለጋ እንገባለን። ውስጣችን እየነደደ «ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» ብለን እንነሣለን። ማመስገን መልካም ነው፣ ግን እሳቱን ደብቀሽ አትሂጂ።

ሐናን አስቢያት፣ የሳሙኤልን እናት። መውለድ አቅቷት፣ ጣውንቷ እያስቆጣቻት፣ በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እሷም አልሰከርኩም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስኩ አለችው። ማፍሰስ የሚለው ቃል ደስ ይለኛል፤ ስታፈሺ መርጠሽ አይደለም፣ ያለው ሁሉ ነው የሚወጣው። ዳዊትም በ12ኛው መዝሙር «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሆኖ የሚነበብ ከሆነ፣ አንቺ «ደክሞኛል፣ አልቻልኩም» ስላልሽ እግዚአብሔር አይቀየምሽም።

ስለዚህ ስትጸልዪ ስሙን ጥሪው፣ ቁጥሩን ጥሪው። «ባርከኝ» ብቻ አትበዪ። «አከራዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሪ ብላኛለች፣ ከየት እንደማመጣው አላውቅም፣ ሳስበው ሆዴ ይቆረጣል» በይው። «ዛሬ የባለቤቴን እናት ማየት አስጠልቶኛል፣ ይህን ልቤን አልወደድኩትም» በይው። እኔ አሮጌ ደብተር አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ መስመር እጽፍና ቀኑን አስቀምጣለሁ። ቆይቼ ስመለስበት ግማሹ ተፈትቷል፣ ግማሹ እኔ ውስጥ ተቀይሯል፣ የቀረው ደግሞ አሁንም አለ። ያለው ስላለ አልደብቅሽም።

ቁጣ ሲያሸንፍሽ

እኔ የምታገለው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ።

ባለፈው ጾመ ነቢያት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንጀራ ልጋግር ተነሣሁ። ሊጡ ኩፍ ብሎ አፉ ላይ ደርሷል፤ ዛሬ ካልተጋገረ ይኮመጥጣል። ምጣዱን አሰስኩ፣ ሞቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አማሩልኝ። አራተኛውን ዙሪያውን አፈሰስኩ፤ ዓይኑ ጠብ ጠብ እያለ ሲከፈት እያየሁ አክንባሎውን ልደፋ ስል፣ መብራት ሄደ። የምጣዱ ግለት ትንሽ ይቆይ ይሆናል ብዬ ደፍቼ ጠበቅሁ። ስከፍተው ዳሩ ተነሥቷል፣ መሀሉ እርጥብ ነው። ሰፌዱን ስር ሳስገባ ተቀደደ። ልጄ ከበሩ ላይ ሆና «እማዬ፣ እንጀራው አለቀሰ!» ብላ ሳቀች።

ጮህኩባት። የጮህኩባት ቃል ለልጅ የሚባል አይደለም። ልጅቷ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ እግሯን ሰብስባ በሩ ጥግ ተቀመጠች፣ ቦታ ላለመያዝ እንደምትሞክር። እኔ በእጄ ሰፌድ ይዣለሁ፣ እጄ ላይ ሊጥ አለ፣ ጾም ላይ ነኝ። ከሥጋና ከወተት ጾሜ አፌን በልጄ ላይ ፈትቼዋለሁ።

መጽሐፉ አትቆጡ አይልም፤ «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ነው የሚለው። ቁጣው መምጣቱ አይቀርም፣ መብራቱም መሄዱ አይቀርም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፦ ቁጣው ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ እጄ ላይ ያለውን ነገር አስቀምጣለሁ። ሰፌድም ይሁን ስልክ፣ አስቀምጠዋለሁ። እጅ ባዶ ሲሆን አፍም ይለዝባል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ወደ በር እወጣለሁ፣ «እግዚኦ» እያልኩ ሦስቴ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ያልተሳካ ቀን ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ፀሐይ ሳይገባ። ለልጅም ቢሆን። በተለይ ለልጅ። ያን ቀን ሊጤን ታጥቤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና «መብራት ስለሄደ ተናድጄ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ያልኩሽ ቃል ልክ አይደለም፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ግን አንቺ እንዲህ ስላደረግሽ» የሚል ጭራ እንዳትጨምሪበት፣ ያ ይቅርታ አይባልም። ልጄ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ የተቀደደውን እኔ ልብላው?» አለችኝ። ጎረቤቴ ከሰል ነበራት፤ የቀረውን ሊጥ በማግስቱ ነው የጋገርነው፣ ኮምጥጦ።

ስለ ገንዘብ ስትጨነቂ

ጤፍ፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ኪራይ። ይህን ላንቺ መዘርዘር አያስፈልግም። «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ቃል ሰው ሲያነብልሽ «ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ?» ማለት ያምርሽ ይሆናል። ቃሉ ግን በዚያ አያልቅም፣ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ይላል። የዛሬው ችግር እንዳለ ያውቃል። የነገውን በዛሬው ላይ አትደርቢበት ነው የሚልሽ።

እኔን ያጽናናችኝ የሰራፕታዋ መበለት ናት፣ በመጽሐፈ ነገሥት ያለችው። ኤልያስ ሲያገኛት ጭራሮ እየለቀመች ነበር፤ በማድጋዋ የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነው፣ እሱን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ ስታነቢው ማድጋው ሞልቶ አላደረም፤ አላለቀም ነው የሚለው። በየጠዋቱ ስትከፍተው ያችው እፍኝ ትሆናለች ብዬ አስባለሁ። ጎተራ የሚሞላ ተአምር ስጠብቅ ያላየሁት ብዙ እፍኝ አለ። አሁን የወር ወጪ የምጽፍበት ደብተር መጨረሻ ላይ «ያላለቀ» የሚል አንድ መስመር አለኝ። አንድ ወር «ሽሮ፣ እናቴ ላከች» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ወር «የልጁ ሳል፣ ሳንታከም ለቀቀው»።

እና እባክሽ፣ ገንዘብ ሲጠፋ ምጽዋት አታቋርጪ፤ መጠኑን ቀንሺ እንጂ ተግባሩን አታቋርጪ። ጌታ ያያት መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነው የጣለችው።

ቡናና ጎረቤት

እምነት ብቻ ተሁኖ አያድግም። እኛ ደግሞ መሰብሰቢያ አጥተን አናውቅም፣ ጀበናው አለ። ችግሩ ከአቦል እስከ በረካ የሰው ስም ስናነሣ መዋላችን ነው። «ሐሜት አቁሙ» ብትዪ ሁለተኛ አይጠሩሽም፣ አንቺም ጻድቅ ነኝ ባይ ትመስያለሽ። እኔ የማደርገው፣ የሰው ስም ሲነሣ «እግዜር ይርዳት፣ ከባድ ነው» እልና ከሰል ልጨምር ወይ ፈንዲሻ ላምጣ ብዬ እነሣለሁ። ስመለስ ሌላ ወሬ አነሣለሁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ሰፈርሽ የፈረሰብሽ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰው ወደየከተማው ዳር ተበተነ። ልጅሽን ትተሽላት የምትወጪው ጎረቤት፣ ስትታመሚ አጥሚት የምታመጣልሽ እትዬ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሄደ። ይህ ሐዘን ነው፣ እንደ ሐዘን ያዢው፣ «ሌላው የባሰ አለ» ብለሽ አትጨፍልቂው። የእኛ የማርያም ጽዋ ማኅበር አባላት ግማሾቹ ያኔ ራቁ። ሊበተን ነበር። ከዚያ አንዷ «በ21 ሥራ ስላለን ቀጥሎ ባለው እሑድ እናድርገው» አለች፤ አሁን ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ጠላው እንዳይፈስ ጀሪካኑን በእግራቸው መሀል አድርገው።

አንቺም ጽዋ ባይኖርሽ አንድ እህት ይኑርሽ። አንድ ብቻ። በሳምንት አንዴ ደውላ «እንዴት ነሽ?» ስትልሽ «ደህና» ብለሽ የማታልፊያት።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሲከብድሽ

እሑድ ቅዳሴ ከሁለት ልጅ ጋር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንዱ ውኃ ይላል፣ አንዷ ሽንቴ መጣ ትላለች፣ ወንጌሉ ሲነበብ አንቺ ደጅ ነሽ። አይቆጠርልኝም ብለሽ አትቅሪ። ልጆችሽ ሲቆርቡ ይዘሻቸው መቆምሽ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ያን ቀን ስብከቱን ባትሰሚውም።

ለራስሽ ደግሞ ሌላ ሰዓት ፈልጊ። ሠራተኛ ከሆንሽ የሠርክ ጉባኤ ከሥራ መውጫ ጋር ይገጥማል። እኔ ነጠላዬን መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ «ቤት ደርሼ ለብሼ እመለሳለሁ» ካልኩ እንደማልመለስ ስለማውቅ። ከሥራ ወጥቼ አራዳ ጊዮርጊስ እሳለማለሁ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፤ አፅማቸው ያረፈው ደግሞ ለእኔ ቤት በሚቀርበው በበዓታ ነው፣ ከአባታቸው ከዳግማዊ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር። አንዳንዴ ደጁን ስሳለም አገር ተሸክመው የነበሩት ሴትም ለጸሎት የቆሙት እዚሁ ደጅ ነው እላለሁ። በጾም ወራት በሥራ ቀን ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ ፈቃድ ወስደሽ አንድ ቀን ለብቻሽ ሄደሽ አስቀድሺ። ለብቻሽ፣ ልጅ ሳትይዢ። ያርፍሻል።

በወር አበባ ጊዜ ወይም ከወለድሽ በኋላ ባሉት 40 እና 80 ቀናት ወደ ውስጥ ባትገቢም ጸሎት አልተከለከልሽም። ቤትሽ ጸልዪ፣ ዳዊትሽን አንብቢ። በእነዚያ ቀናት ሁሉን ነገር ጥለው ከዚያ መመለስ የሚያቅታቸው እህቶች አሉ፣ ለዚህ ነው የማነሣልሽ።

የንስሐ አባት ከሌለሽ ያዢ። ካሉሽም በዓመት አንዴ ለጠበል ብቻ አትጥሪያቸው። ስለ ጾምም መጠየቅ ያለብሽ እሳቸውን ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ የምታጠቢ ከሆነ፣ ጨጓራሽ የሚያስቸግርሽ ከሆነ፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በራስሽ ፈቃድ እስክትወድቂ አትጹሚ፣ በራስሽ ፈቃድም አትተዪው። ሄደሽ «አባ፣ እንዲህ ነኝ» በያቸው።

ዝም የማይባልበት ጊዜ

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። አንዳንዷ እህቴ ይህን የምታነበው ፊቷ ላይ ያለውን ሰንበር በሻሽ ሸፍና ነው። «ትዳር መስቀል ነው፣ ቻዪው» ተብላለች። እህቴ፣ መስቀል መሸከም ማለት መደብደብ ማለት አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲያስተምር ሚስቱን የሚመታ ባልን አጥብቆ ነው የነቀፈው። በአገራችን ሕግም ወንጀል ነው። ለምታምኚው ሰው ዛሬ ንገሪ፤ ሕይወትሽ የሚያሰጋሽ ከሆነ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስም አመልክቺ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶችን የሚያስጠልሉ ማረፊያዎች አሉ። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማሽ ለሁለተኛው ንገሪ።

እንዲሁም ከአልጋ መነሣት ካቃተሽ፣ ልጅሽን ስታቅፊ ምንም ካልተሰማሽ፣ መኖር ካስጠላሽ፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ጠበልሽን ተጠመቂ፣ ሐኪም ጋም ሂጂ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለሥጋ ሕመም የሆነው ለአእምሮ ሕመም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ሕመም ሳይሆን ዝም ብሎ ጸሎቱ የሚደርቅበት ጊዜም ይመጣል። ቃሉ ከአፍሽ ይወጣል፣ ልብሽ የለም። እሱን አትፍሪው። ያኔ የራስሽን ቃል አትፈልጊ፣ የተጻፈውን ያዢ፤ ውዳሴ ማርያም ለዚህ ነው የሚጠቅመኝ፣ ለሳምንቱ ሰባት ቀን ተከፍሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የዕለቱን አንብቤ እዘጋለሁ። ተሰማኝ አልተሰማኝ ብዬ ራሴን አልመረምርም።

ዛሬ ማታ

አሁን ልጆች ሲተኙ ስልክሽን ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ታስቀምጪ የለ? ላዩ ላይ ዳዊትሽን አስቀምጪበት። ጠዋት እጅሽ ስልኩን ፍለጋ ሲሄድ መጀመሪያ የሚነካው መጽሐፉን ይሁን። ቲክቶኩ ከአምስት ደቂቃ በኋላም አለ። ነገ ሰኞ ከሆነ ከመጀመሪያው መዝሙር ጀምሪ፣ አጭር ነው፣ ስድስት ቁጥር ብቻ። ሌላ ቀን ከሆነም ከዚያው ጀምሪ። ከዚያ ልጁን ቀስቅሺው፣ ሻዩን ጣጂ፣ በሩን ስትቆልፊ አንድ አቡነ ዘበሰማያት።